ሌላ ሰውም አለበት እንዴ?

ዱባይ ሳትዋ ውስጥ ባለ አንድ የሴቶች ሳሎን ጸጉር ነው ምሰራው። ከምሳ በኋላ ደንበኛ እስኪገባ ጭር ስለሚል ጓሮ ባለችው ትንሽ ክፍል እንሰበሰባለን፣ ጥፍርና ፊት ሚሰሩት ፊሊፒኖቹ፣ እኛ ሁለት ሀበሾች፣ አንዲት ኔፓላዊት። ከፊሊፒኖቹ ትልቋን ሁላችንም አቴ እንላታለን፣ እነሱ ታላቅ እህታቸውን እንደዛ ነው ሚጠሩት። አቴ ስልኳን ትከፍትና ራፕለር በሚባለው የሀገሯ ዜና ድረ ገጽ ላይ ሰዎች ስለ ትዳርና ስለ መኝታ ቤት ጉዳይ እየጻፉ የሚጠይቁበትን አምድ ጮክ ብላ ታነብልናለች። ደብዳቤውን ብቻ አንብባ ታቆምና "እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሳላችሁ?" ትለናለች፣ እኛ ተከራክረን ስንጨርስ ነው መልሱን ምታነበው። መልሱ ደግሞ ሁለት ነው። አንደኛውን ሚሰጠው ጄረሚ ቤር የሚባል የባንክ ሰው ሲሆን ሁለተኛውን ሚስቱ ትሰጣለች፣ ዶክተር ማርጋሪታ ሆልምስ፣ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስትና ሴክስ ቴራፒስት።

ያቺ ሁለተኛዋ የሀገሬ ልጅ ክርክሩ ውስጥ ገብታ አታውቅም። አንገቷን ደፍታ ስልኳን ትነካካለች ወይ ሻይ ታፈላለች። እንግሊዝኛው ስለሚከብዳት ነው ብዬ ለራሷ በአማርኛ ባጭሩ እነግራት ነበር፣ እሷም "እሺ" ብላ ዝም። አንድ ቀን ሁለታችን ብቻ ፎጣ እያጠፍን ድንገት እንዲህ አለችኝ፣ "እህቴ፣ ያቺ ዶክተር በአማርኛ ቢጻፍላት ትመልሳለች?"

"አትመልስም ባይ ነኝ፣ ግን እኔ እተረጉምልሻለሁ። ምን ልትጠይቂያት ነው?"

"እኔ አይደለሁም። አንድ ጓደኛዬ ናት።"

"ጓደኛዋ" አግብታለች፣ ባሏ አዲስ አበባ ነው፣ እሷ ሰው ሀገር። ለእረፍት ስትሄድ ልትቀርበው ትፈልጋለች፣ ትወደዋለች፣ ግን ልክ ሰዓቱ ሲደርስ ሰውነቷ ይቆለፋል፣ ህመሙ ደግሞ እንባ ሚያስወጣ ነው፣ እና እስካሁን አንድም ቀን በትክክል አልሆነም። ባልየው መጀመሪያ ታገሰ፣ ቀጥሎ ተቀየመ፣ አሁን ዱባይ ሌላ ሰው ይዘሽ ነው ማለት ጀምሯል። አማቷ ልጅ መቼ ነው ትላለች። ጸበል ሄዳለች። ሀገር ቤት አንድ ሀኪም ጋም ሄዳ "ምንም የለብሽም፣ ዘና በይ" ብለው መልሰዋታል። ይሄን ሁሉ ምትነግረኝ አይኔን ሳታይ ፎጣውን አራት ጊዜ እያጠፈችና እየፈታች ነው።

ማን እንደሆነች ሳልናገር አቴን ልጠይቅልሽ አልኳት። እሺ አለች። አቴ የጥፍር እቃዋን እየጠረገች ሰምታኝ ቀና እንኳን ሳትል "ይሄማ የታወቀ ነገር ነው፣ ብዙ ሴት ላይ አለ፣ ይታከማል፣ ዶክተር ማርጂ ስንቴ ጽፋበታለች" አለችኝ፣ ልክ ስለ ጉንፋን እንደምታወራ። ተመልሼ ቃል በቃል ነገርኳት። ፎጣውን አስቀመጠችና አየችኝ፣ በዛ ሁሉ ወሬ መሀል መጀመሪያ ያየችኝ ያኔ ነው፣ እና "ሌላ ሰውም አለበት እንዴ?" አለችኝ።

መድሀኒቱ ምንድነው አላለችም። ስንት ያስከፍላል አላለችም። የት ነው ሚታከመው እንኳን አላለችም፣ እሱ በኋላ ነው የመጣው። ይሄ ጥያቄ ነው እንግዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለው። አንድ ሰው ለዓመታት በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ እንዲህ የሆንኩት ብሎ እያሰበ ሊኖር ይችላል ማለት ነው፣ ያውም ስልክ በእጁ ይዞ። እና ያቺን ማላውቃትን ፊሊፒናዊት ዶክተር ስራ ከዛን ቀን በኋላ በሌላ አይን ማየት ጀመርኩ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ።

መጀመሪያ ፈቃድ

ሴክስ ቴራፒስት ሲባል ብዙ ሰው ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። ስለዚህ ከዚህ ልጀምር፣ ቴራፒስቱ ሰውነት አይነካም፣ ልብስ አያስወልቅም። ስራው ንግግር ነው፣ ከዛ ቤት ተወስዶ ሚሰራ ልምምድ፣ ከዛ ተመልሶ ስለ ልምምዱ ማውራት። ምርመራ ካስፈለገ ወደ ሀኪም ይልካሉ። ፊሊፒንስ ውስጥ ከ2010 ጀምሮ ሳይኮሎጂስት ለመባል በህግ ፈቃድ ያስፈልጋል (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው ምጽፈው)፣ ሴክስ ቴራፒ ደግሞ ከዛ ላይ ተጨምሮ ሚጠና ነው።

ካነበብኩት ውስጥ ልቤን የነካው አንድ አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት፣ ጃክ አነን፣ በ1976 ያወጣው አሰራር ነው፣ እስካሁን ድረስ የዚህ ሙያ ሰዎች ይማሩታል። እርዳታውን በአራት ይከፍለዋል። መጀመሪያ ፈቃድ፣ ማለትም ሰውየው ይሄን ማውራት እንደሚችል፣ ጉዳዩም እሱ ላይ ብቻ የወረደ እንዳልሆነ እንዲሰማው ማድረግ። ቀጥሎ ለጥያቄው የሚበቃ ትንሽ መረጃ። ከዛ የተለየ ምክር፣ ይሄን ሞክሩ ይሄን ተዉ ሚባለው። ጥልቁና ረጅሙ ቴራፒ መጨረሻ ላይ ነው ያለው፣ እና ሀሳቡ አብዛኛው ሰው እዛ ሳይደርስ በፊት ይረዳል ነው። ይሄን ሳነብ ቁጭ አልኩ። የኔዋ ልጅ ፎጣ እያጠፈች የጠየቀችው የመጀመሪያውን ነበር እኮ። አቴ ደግሞ ሳይኮሎጂ ሳትማር፣ አምድ በማንበብ ብቻ፣ የመጀመሪያውን ሰጠቻት።

ለዚህ ነው ዶክተር ማርጋሪታ ሆልምስ ክሊኒኳ ውስጥ ብቻ ተቀምጣ ብትሰራ ኖሮ ስራዋ ግማሽ ይሆን ነበር ብዬ ማምነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በመጽሐፍም በጋዜጣም በቲቪም ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ ስታወራ ኖራለች፣ ማንም ደፍሮ በማይናገርበት ጊዜ በሀገሯ ስላሉ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ያላቸው ሰዎች ሕይወትም መጽሐፍ ጽፋለች። ክሊኒክ ሚመጣው ገንዘብ ያለው፣ ማኒላ ሚኖር፣ ድፍረት ያለው ሰው ነው። አምዱ ግን ሳትዋ ጓሮ ድረስ ይመጣል።

ሌላም ያስተዋልኩት ነገር አለ። በ1970 ማስተርስና ጆንሰን የሚባሉት ሁለት አሜሪካኖች ይሄን ህክምና መልክ ሲያስይዙት ባልና ሚስትን ሚያክሙት ሁለት ሆነው ነበር፣ አንድ ወንድ አንዲት ሴት፣ ባልየውም ሚስትየዋም እኔን ሚረዳኝ አለ እንዲሉ። ራፕለር ላይ ያ የባንክ ሰውዬ ለምን እንደሚመልስ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ለብዙ ዓመት ከሚስቱ ጋር ሰልጥኖ አብሯት ሌክቸር ይሰጣል፣ አንዳንዴም በተለይ የገንዘብ ጉዳይ ትዳራቸውን ለሚረብሻቸው ሰዎች አብሮ ቴራፒ ውስጥ ይቀመጣል። የገንዘብ ጉዳይ! እኛ ሰው ሀገር ያለን ሰዎች ይሄን ለማብራራት ሰው አያስፈልገንም። ከምልከው ብር ጋር ያልተያያዘ የትዳር ጸብ እስካሁን አላየሁም፣ መኝታ ቤቱ ውስጥም ይገባል።

እነዛው ማስተርስና ጆንሰን ከሚያዙት ውስጥ ባልና ሚስት ለጊዜው ግንኙነት እንዳያደርጉ መከልከል አለበት። መነካካት ብቻ፣ ያለ ምንም ግብ፣ ሰውነት ፍርሀቱን እስኪረሳ። ለልጅቷ ይሄን ስነግራት "ክልክል ነው ተብሎ በሀኪም ይጻፍልኝ፣ ለባሌ ላሳየው" አለችኝ። (ያኔ ጓደኛዋ መሆኗ ቀርቶ ነበር።) ከልቧ ነው ያለችው። ሰውነቷ እምቢ ሲል ባልየው እሷ እምቢ ያለች ይመስለዋል፣ ሀኪም እምቢ ቢል ግን እምቢታው የሷ መሆኑ ይቀራል።

የሷ ህመም ቫጂኒስመስ ይባላል፣ ብልት ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች ያለ ፈቃድ ሲጨማደዱ ነው፣ ሰውየው በግድ በሞከረ ቁጥር ደግሞ ሰውነት ህመሙን አስቀድሞ እየጠበቀ ይብሳል። ህክምናው ጡንቻውን ማላላት መልመድ፣ በመጠን ከትንሽ ወደ ትልቅ ሚሄዱ ዳይሌተር የሚባሉ እቃዎችን በራስ እጅ በራስ ፍጥነት መጠቀም፣ እና ከባል ጋር ማውራት ነው። አንድ ነገር ግን ማለት አለብኝ፣ እኛ ሀገር ህመሙ ሁልጊዜ ከዚህ አይደለም። በ2016 በተደረገው የሀገራችን የስነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ ናቸው። ጠባሳ ራሱ ሊያም ይችላል፣ ኢንፌክሽንም ሌላም ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሚያዳምጥ የማህፀን ሀኪም ማየት ግድ ነው። ሚያዳምጥ ያልኩት አውቄ ነው።

ማኒላ ላይ ይሄን ስራ መስራት

አቴ አጥባቂ ካቶሊክ ናት። ኦፍ ስትሆን ኡድ ሜታ ያለው ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ መቁጠሪያዋ ከቦርሳዋ አይጠፋም፣ ያንኑ ቦርሳ ከፍታ ነው ስልኳን አውጥታ ይሄን ምታነብልን። ለሷ ሁለቱ አይጣሉም። ለሀገሯ ግን ሲጣሉ ነው የኖሩት።

በ1994 ተባበሩት መንግስታት ካይሮ ላይ የስነ ሕዝብ ጉባኤ ሲያዘጋጅ የማኒላው ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ሲን ሉኔታ ፓርክ ላይ ትልቅ የተቃውሞ ሰልፍ ጠሩ። በ2000 የማኒላ ከንቲባ ባወጣው ትእዛዝ በከተማው ጤና ጣቢያዎች ፒልና ኮንዶም መስጠት ቆመ፣ ድሃ ሰፈር ያለችው እናት ናት የተቸገረችው እንጂ ፋርማሲ መግዛት ምትችለው አይደለችም። የስነ ተዋልዶ ጤና ህጉ ምክር ቤት ውስጥ ከአስር ዓመት በላይ ሲንከባለል ቆይቶ በታህሳስ ወር 2012 ተፈረመ፣ በሶስተኛው ወር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አገደው፣ በሚያዝያ 2014 ፈቀደው ግን የተወሰኑ አንቀጾችን አውጥቶ። ከወጡት አንዱ 18 ዓመት ሳይሞላት የወለደች ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ የወሊድ መከላከያ ማግኘት ትችላለች ሚለው ነው። ልጅ ወልዳለች፣ እናት ናት፣ ግን ለፒል እናቷን ማስፈረም አለባት።

በጣም ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ለግንኙነት መስማማት ይችላል ተብሎ በህግ የተቀመጠው እድሜ ከ1930 ጀምሮ 12 ነበር፣ ወደ 16 ያደገው በመጋቢት 2022 ነው። ማለት ዶክተር ሆልምስና ሌሎቹ ለብዙ ዓመት ሲያስተምሩ የነበሩት የ12 ዓመት ልጅ እሺ ካለች ይበቃል በሚል ህግ ስር ነው። ለዛች ልጅ ግን ስለ ሰውነቷ ትምህርት ቤት ውስጥ ማስተማር ነውር ነው ይባል ነበር! የትምህርት ሚኒስቴራቸው በ2018 የወሲብ ትምህርት መመሪያ አወጣ፣ ይሄን በህግ ሚያጠናክርና የልጆችን እርግዝና ሚከላከል ረቂቅ ሴኔት ሲገባ ደግሞ በጥር 2025 ፕሬዝዳንት ማርኮስ ከጸደቀ ውድቅ አደርገዋለሁ አሉ፣ የ4 ዓመት ህጻናትን ስለ ወሲብ ያስተምራል የሚል ወሬ ተነዝቶ። ረቂቁን ያቀረቡት ሴናተር ሪሳ ሆንቲቬሮስ እንዲህ ሚል ነገር የለበትም ብለው ተከራከሩ፣ ከፈራሚዎቹ ሴናተሮች የተወሰኑት ግን ፊርማቸውን አነሱ።

ቁጥሩ ደግሞ ሁለት አይነት ነገር ነው ሚናገረው። ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ውስጥ ያረገዙት በ2017 ከነበረበት 8.6 በመቶ በ2022 ወደ 5.4 ወርዷል፣ ይሄ ትልቅ ስራ ነው። ከ15 ዓመት በታች ሆነው የወለዱት ግን በዛው በ2022 ከ3 ሺህ በላይ ናቸው። ኤች አይቪም በ2010 እና በ2023 መሀል አዲስ ሚያዘው ሰው ከ5 እጥፍ በላይ ጨምሯል፣ አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ናቸው። እነዚህን ቁጥሮች ሚያይ የሙያ ሰው የክሊኒኩን በር ዘግቶ ደንበኛ ብቻ እያየ መቀመጥ አይችልም። ለዛ ይመስለኛል ከሷ በኋላ የመጡትም፣ ለምሳሌ ዶክተር ሪካ ክሩዝ፣ እሷም ሳይኮሎጂስትና ሴክስ ቴራፒስት ናት፣ ወጣቱ ባለበት በፖድካስትና በሶሻል ሚዲያ ሚያስተምሩት። ለዚህም ስድቡ አይቀርላቸውም፣ በተለይ ሴት ሲሆኑ። ኮመንቶቹን አቴ ስትተረጉምልኝ የሀገሬ ሰው የጻፋቸው ነው የመሰለኝ።

ፍቺውንም ልጨምር። ከቫቲካን ቀጥሎ በዓለም ላይ ፍቺ ማይፈቅድ ሀገር ፊሊፒንስ ናት፣ ሙስሊሞቹ ብቻ በራሳቸው ህግ ይፋታሉ። በ2024 የታችኛው ምክር ቤት አሳልፎት ነበር፣ ሴኔት አላሳለፈውም። ትዳርን በፍርድ ቤት ማፍረስ የሚቻልበት መንገድ አለ ግን ገንዘብና ዓመታት ይበላል። እንግዲህ መውጫው በር ዝግ የሆነ ቤት ውስጥ ያሉ ባልና ሚስት መኝታ ቤታቸው ውስጥ ሚቆስሉ ከሆነ የት ይሂዱ? ከ2 ሚሊዮን በላይ ፊሊፒኖ ደግሞ እንደ አቴ ሰው ሀገር ነው፣ ትዳሩ በስልክ ነው። አቴ የምታነብልን ደብዳቤዎች ውስጥ የዚህ አይነት ሰው አይጠፋም፣ ሁለት ዓመት ተለያይተው ሲገናኙ እንደ እንግዳ ሚተያዩ። ለዛ ነው እኛ ጓሯችን ውስጥ ቁጭ ብለን ስንሰማ የማንም ሀገር ወሬ ማይመስለን።

እኛ የተማርነው

እኔ ስለዚህ ጉዳይ በሕይወቴ የተማርኩት ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ትምህርት ቤት፣ ፀረ ኤድስ ክበብ፣ መታቀብ መተማመን መጠቀም። ያ ትምህርት ሰው አድኗል፣ ምንም አልልም፣ ኤድስ ቤታችንን ሲያራቁት አይተናል። ግን የተማርነው መሞትን መፍራት ነው። ካገባሽ በኋላ ቢያምሽ ምን ታደርጊያለሽ ሚል ምዕራፍ አልነበረውም።

ሁለተኛው ሰርግ ቤት ነው። ብር አምባር ሲባል፣ ሚዜዎቹ ጨርቁን ይዘው ሲወጡ፣ እልል ሲባል ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ደም መፍሰሱ ለአማች ለጎረቤት ይነገራል፣ የሙሽራዋ ህመም ግን ለማንም አይነገርም፣ እሷም አትናገርም። አሁን ከተማ ውስጥ ቀርቷል ትሉኝ ይሆናል፣ አዎ ጨርቁ ቀርቷል። ያማል፣ ደም አለው፣ ቻይው የሚለው ግን የት ሄደ? ያቺ ልጅ ሰውነቷ ሚቆለፈው ከዛ የመጣ ፍርሀት ሊሆን አይችልም? እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን አጎቷ ቤት ሰርግ ላይ በልጅነቷ የሰማችውን ነግራኛለች፣ እና ሊሆን ይችላል ብዬ አስባለሁ።

በሽታውን የደበቀ መድሀኒት አይገኝለትም ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ደባቂዋን ብቻ ነው ሚወቅሰው። ለማን ታውጣው? ለእናቷ ታፍራለች። ለንስሐ አባቷ ትናገር ይሆናል፣ እሳቸውም ይጸልዩላታል፣ ጸሎቱን እኔም አምንበታለሁ፣ ግን ጡንቻ እንዴት እንደሚላላ ማስተማር የሳቸው ስራ አይደለም። ሀኪሙ ዘና በይ አላት። ባሏ ራሱ ምን ያድርግ፣ እሱም ለማን ይናገር፣ ወንድ ልጅ ሚስቴን መቅረብ አቃተኝ ብሎ ጓደኛው ጋ ሄዶ ይናገራል? እሱንም ብዙ አስቤዋለሁ። ክፉ ሰው አይደለም። የሚያስረዳው ሰው አጥቶ ያለችውን አንዲት ማብራሪያ ይዞ ነው፣ ሌላ ሰው ይዛለች።

እንዲህ አይነት ነገር በአደባባይ ከተወራ ልጆች ይበላሻሉ ሚሉ ሰዎች አሉ፣ ፊሊፒንስም እኛም ጋ። ፍርሀታቸውን አልንቅም፣ ልጅ ያላቸው ናቸው፣ ኢንተርኔቱ ላይ ያለውን ቆሻሻ ያያሉ። ግን ዝም ስንል ልጆቹ ሚሄዱት ወደዛው ነው እኮ። ቲክቶክ ላይ በአማርኛ እንዴት ያለ ምክር እንደሚሰጥ እናያለን፣ ስሙ ማይታወቅ ቅጠል ሚሸጥ፣ ሴትን በአንድ ሌሊት ምናምን የሚል። ሜዳውን ባለሙያ ሲተወው እነዚህ ናቸው ሚይዙት። ዶክተር ሆልምስ ያደረገችው ትልቅ ነገር ለኔ ይሄ ነው፣ ስሟን ፎቶዋን ሙያዋን አስቀምጣ፣ ሚሰድባትን ችላ፣ ለዓመታት እዛው ቦታ ላይ መገኘት። ሰው ጥያቄውን ይዞ ሲመጣ ሚያገኛት ቦታ አለ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል ስለ ሹመት ነው፣ ካልተናገሩ ግን ትዳርም ይቀራል፣ ልጅም ይቀራል።

ልጅቷ ይሄን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፣ ከዚህ በላይ ስለሷ አልጽፍም፣ ማንነቷን ሚያሳውቅ ነገርም ቀይሬያለሁ። እዚህ ዱባይ የሴቶች ፊዚዮቴራፒ ሚሰጥ ቦታ አግኝተን ነበር፣ ኢንሹራንሷ አይሸፍነውም፣ የአንድ ቀኑ ዋጋ ከደመወዟ ላይ የሚነሳ አይደለም። አሁን አቴ ያገኘችላትን የልምምድ መመሪያ በአማርኛ ጽፌላት በሱ ጀምራለች። ባሏን ደግሞ እኔ በስልክ አላወራውም፣ ማውራት ያለበት ባለሙያ ነው፣ ቢቻል ወንድ፣ በአማርኛ።

ስለዚህ አዲስ አበባም ሆነ ውጪ ሀገር ሆናችሁ ይሄን ስራ ምትሰሩ ሳይኮሎጂስቶች፣ የማህፀን ሀኪሞች፣ ፊዚዮቴራፒስቶች ካላችሁ፣ በስልክ ወይም በቪዲዮ ባልና ሚስትን በአማርኛ ምታዩ ከሆነ፣ የት እንደምትገኙና ስንት እንደምታስከፍሉ ጻፉልኝ። እሷ ከተናገረች በኋላ እዚህ አካባቢ ያሉ ሌሎች ሁለት ሴቶችም ጠይቀውኛል፣ ምሰጣቸው አድራሻ ያስፈልገኛል።